ዜማው የሕዝብ አይደለም

ከደባርቅ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ባለው መንገድ እኔን የሚያህል መሲንቆ መቺ አልተፈጠረም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የሚጠሉኝም ይሉታል። የሚጠሉኝ ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

ከአዝማሪ ዘር አልተወለድሁም። አባቴ ገበሬ ነበር፤ በቤታችን ከጅራፍ በቀር የሚጮኽ ዕቃ አልነበረም። አዝማሪዎች ከአባታቸው ጉልበት ሥር ቁጭ ብለው የተማሩትን እኔ ማንም ሳያሳየኝ አገኘሁት። መሲንቆዬን ራሴ ጠረብሁ፤ የፍየሉን ቆዳ ራሴ ፍቄ ወጠርሁ፤ ከፈረስ ጭራው ቀጥ ያለውን ራሴ መርጬ አሰርሁ። አባቴ «ምን ጎደለህና ነው ሰው ደጅ ቆመህ የምታላዝነው?» ብሎ እስኪሞት ድረስ ተቀየመኝ። ዳባት ላይ አንድ ዘር ያለው አዝማሪ መጀመሪያ ሲሰማኝ፣ «ገበሬ መሲንቆ ሲይዝ በሬ መስታወት ያየ ይመስላል» አለና ሠርገኛውን ሁሉ አሣቀብኝ። ቆይቶ ግን ያ ሰው እኔ በተጠራሁበት ሠርግ መሲንቆውን ከኮሮጆው አያወጣም ነበር። «ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል» ይላል። መሲንቆ በጉሮሮ የሚመታ ይመስል።

ጉራ ነው የሚል ይበል። ዜማ ሰረቀኝ ብዬ የከሰስሁት ልጅ ነገር እንዲገባችሁ ግን አስቀድማችሁ እጄን ማወቅ አለባችሁ።

የግራ እጄ ቀለበት ጣት አይታጠፍም። ገብስ ሳጭድ ማጭዱ ጅማቱን በጠሰው፤ ሲድን እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀረ። መሲንቆ አራቱንም ጣት ይፈልጋል። ጣቶቹ ጭራውን ዳበስ እያደረጉ እንደ ደረጃ አንዱ ከሌላው በታች ድምፅ ይሰጣሉ። የእኔ አንዱ ደረጃ ተሰበረ ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መሲንቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወደ ሞፈሩ ይመለስ ነበር። እኔ ግን በተሰበረው ደረጃ ላይ መሀል ጣቴን እየጎተትሁ መውረድ ጀመርሁ። ድምፁ አይዘልም፤ እየተንፏቀቀ፣ እንደሚያቃስት ሰው ሆኖ ይወርዳል። ከእኔ በፊት ይህን ያደረገ ሰው አልሰማሁም። ነበረ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ የሰውየውንም ጣት ያሳየኝ።

በዚያ ዘመን ለጎብኚዎች በቅሎ እየጫንሁ ተራራው ላይ እስካለችው መንደር እስከ ጊች እመላለስ ነበር። አንድ ጊዜ ስመለስ ከበቅሎዎቹ አንዲቱ የፊት እግሯን ተጎድታ ታነክሳለች። ከኋላዋ ሆኜ ኮቴዋን እሰማለሁ። ሁለቱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ ከዚያ ዝም ይላል፤ እንደገና ሁለቱ ይፈጥናል። ጊች ደግሞ ሰው ሞቶ ለቅሶ ነበር። ሴቶቹ ሲያወርዱት የሰማሁት ሙሾ መጀመሪያው ላይ እንዴት እንደሚነሣ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ደባርቅ ሳልደርስ የበቅሎዋ እግር፣ የሴቶቹ እንጉርጉሮና የእኔ ጣት ተገናኙ። ዜማው ወጣ። ግጥሙንም እዚያው ዳገቱ ላይ ደረስሁት፦

ዳገቱን ወጥቼ ቁልቁለት ቀረኝ፣
አንቺን ያየሁ ዕለት ጉልበቴ ከዳኝ።

ሠርገኛው «አንካሳዋ» ብሎ ስም አወጣላት። «አንካሳዋን ምታልን» ይሉኛል። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የምመታት እሷን ነው። በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ እሷን ሳልመታላት የወጣች ሙሽራ ብትኖር፣ ወይ ቤተሰቧ ንፉግ ነው፣ ወይ እኔ ታምሜ ነበር። የሌሎችን ዘፈን ሁሉ እችላለሁ፤ ከባለቤቶቹ አሻሽዬ እችላለሁ። የእኔ የምላት ግን እሷ ናት። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠኝም። ስሜ የሚጠራው በእሷ ነው ብዬ ነው የኖርሁ።

ባለፈው ዓመት ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት በሚኒባስ ስመጣ ሾፌሩ ቴፑን ከፍ አደረገው። ጆሮዬ ቆመ። አንካሳዋ ናት። ከበሮ ተጭኖባታል፣ ኦርጋን ተጭኖባታል፣ ከሥሯ ደረት የሚደልቅ ነገር አለ፤ እግሯን ግን አውቃለሁ። ከዚያ መሲንቆው ገባና በተሰበረው ደረጃ ላይ ሲደርስ ተጎተተ። የገዛ ጣቴን ከሌላ ሰው እጅ ሰማሁት።

«ይህ ዘፈን የማን ነው?» አልሁት ሾፌሩን።

«አያውቁትም አባባ? የዳባት ልጅ ነው እኮ። አዲስ አበባ ገብቶ ሰው ሆነ።»

«ዜማውን ነው የምጠይቅህ።»

«ዜማውማ የሱ ነዋ። እሱ አይደል የሚዘፍነው?»

«በቅሎ የነዳ ሁሉ የበቅሎዋ ባለቤት ነው?»

ከኋላ የተቀመጠች ሴት ሣቀች። ሾፌሩ ግን አልገባውም። «አይ አባባ፣ የበቅሎ ጊዜ አለፈ» አለኝና ድምፁን ጨመረው። ግጥሙንም በዚያው ሰማሁት፦

አስፋልቱን ጨርሼ ፒስታ መንገድ ቀረኝ፣
አንቺን ያየሁ ዕለት ኔትወርኩ ከዳኝ።

ጉልበቴን አውጥቶ በቦታው ኔትወርክ አስገብቷል። ዳገት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ግጥም እንዲህ ነው። ጉልበት የሚከዳው ሰውን ነው፤ ኔትወርክ የሚከዳው ስልክን ነው። ለስልክ የተዘፈነ ዘፈን መሆኑ ነው።

ይህንንም ቢሆን ልውጠው እችል ነበር። ያልተዋጠልኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ዳባት አጠገብ አንድ ሠርግ ተጠርቼ ሄድሁ። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል እንደ ልማዴ አንካሳዋን ጀመርሁ። ከዳሱ ጥግ አንድ ሰው፣ ያውም ጎረምሳ አይደለም፣ ጺሙ የሸበተ ሰው፣ «በርቱ አባባ፣ የልጁን ዘፈን አሳምረው ይዘውታል» አለኝ።

ደጋኔ ቆመ። ሙሽሮቹም ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ።

«የማንን ልጅ?» አልሁት።

«ያን የዳባቱን ነዋ። በዚህ ዕድሜዎ አዲስ ዘፈን መልመድዎ ይገርማል።»

«በእናትህ ሠርግ ላይ የመታሁትን ነው አዲስ የምትለኝ?»

«እኔ እንኳ በእናቴ ሠርግ ላይ አልነበርሁም» አለና ዳሱን በሙሉ አሣቀው።

እኔ ጠብ ለመጀመር መሲንቆውን ሳስቀምጥ የድግሱ ባለቤት መሀል ገባ። «ይረፉ አባባ፣ ደክሞዎታል፤ በስፒከር እንለቀዋለን» አለኝ። ለቀቀውም። ሙሽራዋ በልጁ ድምፅ፣ በእኔ ዜማ፣ እኔ አጥር ሥር ቆሜ እያየኋት ወጣች። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደሷ አዙሮ ይቀርጻል። ወደ እኔ የዞረ አልነበረም። በእኔ ዕድሜ ብዙ ሰው ሌባ ተብሎ ሲባረር አይቻለሁ፤ የተዘረፈ ሰው በገዛ ንብረቱ ቀማኛ ተብሎ ሲታይ ግን ያየሁት በራሴ ነው።

ቤት ስገባ ለሚስቴ ነገርኋት። ሚስቴ ለማንም አታዝንም፣ ለእኔማ ጭራሽ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዘፈን እንደ ዶሮ ነው» አለችኝ። «ከግቢ ከወጣ የጎረቤት ነው።»

«ዶሮም ቢሆን እግሩ ላይ ክር ይታሰርለታል።»

«አንተ መቼ አሰርህ?»

ተናደድሁ። የተናደድሁት መልስ አጥቼ አይደለም፤ ዜማውን የሰማ ሁሉ ክሩን ማየት ይገባው ስለነበር ነው። ዜማው ላይ የሚጎተተው ጣት ከክር ይበልጣል። ታዲያ ሰው ጆሮ ከሌለው ምን ታደርገዋለህ?

በማግስቱ ደባርቅ ውስጥ አንድ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄድሁና ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ አውጣልኝ አልሁት። ከሥሩ የተጻፈውን ራሴ አነበብሁት። ንባብም ማንም አላስተማረኝም፤ ፊደል ከሱቅ ካርቶንና ከመቃብር ድንጋይ የለቀምሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ይህን መጽሐፍ እጽፋለሁ። ግጥም ይልና የልጁ ስም አለ። ቅንብር ይልና የአንድ የአዲስ አበባ ሰው ስም አለ። ዜማ ይልና «የሕዝብ» ይላል።

የሕዝብ! ሕዝብ ማለት ማን ነው? ሕዝብ ሠርግ ሲጠራ ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያጨበጭባል፣ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሕዝብ ዜማ ሲደርስ ያየ የለም። ሕዝብ ካነከሰች በቅሎ ኋላ አልሄደም፤ የሕዝብን ጣት ማጭድ አልቆረጠውም። ባለቤቱን መጠየቅ ሲሰለቻቸው «የሕዝብ» ይሉታል። ቅንብሩን ያደረገው ሰው ግን ሕዝብ አልተባለም፤ ስሙ ከነአባቱ ተጽፏል።

ቅኝቱማ የማንም አይደለም፤ ይህን አልክድም። ትዝታም ባቲም እንደ ገብስ ዘር ናቸው፤ ሁሉም ከጎረቤቱ ተበድሮ ይዘራል። ዘር ተበድረሃል ተብሎ የተከሰሰ ገበሬ የለም። አውድማ ላይ የቆመውን ክምር ጭኖ የሄደ ግን ሌባ ነው፤ «ዘሩ የጋራ ነው» ቢል የሚሰማው የለም።

ለፋሲካ ልጁ ዳባት እናቱ ዘንድ መጣ። ሽማግሌ ላክሁበት። በአገሩ ደንብ እሱ አንድ ሽማግሌ መረጠ፣ እኔ አንድ። እሱ የመረጣቸው ዳባት ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ናቸው። እኔ የመረጥሁት መንደሩ ለፓርኩ ሲነሣ ከጊች ወርዶ ደባርቅ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ ከበቅሎው ዘመን ጀምሮ የማውቀው። የተቀመጥነው በሐጂ ሱቅ ውስጥ፣ በጣቃዎቹ መካከል፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነው።

ልጁ ሲገባ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። መልከ መልካም ነው፤ ይህን ልክድ አልችልም። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል እግሬን ሰበሰብሁ።

«ጉልበቴን ተወው» አልሁት። «እሱን በኔትወርክ ለውጠኸዋል።»

የጊቹ ገበሬ አፉን በጋቢው ያዘ። ሐጂ ግን አልሣቁም።

«እኔ ዘፈን አልሰማም» አሉ ሐጂ። «ስለዚህ ለማንም አላዳላም። ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ተናገር። ይህ ዜማ ከየት መጣ?»

«ከእናቴ ነው ሐጂ» አለ ልጁ። «ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉረዋለች። ከልጅነቴ ጆሮዬ ውስጥ ነው። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር የሕዝብ አይደል?»

«እናትህ ከማን ሰማችው?» አልሁት።

«እሱን እሷን ይጠይቋት።»

«እኔን ጠይቀኝ። ከአባቷ ቤት ስትወጣ የመታሁላት እኔ ነኝ። አባትህ የዚያን ዕለት ጫማው ጠብቦት እያነከሰ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዜማው ለሱ የተደረሰ መስሎት ነበር።»

ልጁ ሣቁን ዋጠው። ይህን ከእናቱ ሰምቶት እንደሚያውቅ ፊቱ ላይ አየሁ። ሐጂ እጃቸውን አነሡ።

«ላም ጠፋችብኝ የሚል ሰው፣ ላሚቱ ሳትቀርብ ምልክቷን ይናገራል። አይቶማ ሁሉም ይናገራል። ስልኩን ዝጉት። ወንድሜ፣ አንተ ምልክቷን ተናገር።»

ተናገርሁ። ዜማው ከላይ ተነሥቶ ሊወርድ ሲል አንድ ድምፅ ላይ እንደሚሰበር፣ እዚያ ላይ መሲንቆው እንደማይዘል፣ መሀል ጣት እየተጎተተ እንደሚወርድ ነገርኋቸው። ምክንያቱንም ጣቴን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ሐጂ ጣቴን ይዘው ሊያጥፉት ሞከሩ፤ ጨርቅ ሲገዙ ክሩን እንደሚፈትኑት አድርገው። አልታጠፈም።

«አሁን ስልኩን ክፈተው» አሉት ልጁን።

ዘፈኑ ተከፈተ። ሐጂ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ ዘፈን አልሰማም ያሉት ሰውዬ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀምረው ወዲያው ገቱት። መሲንቆው ገባ። ሊወርድ ሲል ተጎተተ። የጊቹ ገበሬ «እንዴ» አለ። ሐጂ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ይህን መሲንቆ የመታው ማነው?»

«እኔ ራሴ ነኝ» አለ ልጁ በኩራት።

«እንግዲያው የዚህን ሰውዬ መሲንቆ ተቀበልና ምታው።»

መሲንቆዬን ሰጠሁት። ለሰው የማልሰጠውን ሰጠሁት። መጀመሪያ በአራቱም ጣቱ መታው። ጥርት ብሎ ወጣ፤ ውሃ ነው፤ ምንም ጣዕም የለውም። ሐጂ «አይደለም፣ በስልኩ ውስጥ እንዳለው አድርግ» አሉት። ልጁ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ቀለበት ጣቱን ቀጥ አድርጎ ገተረውና መሀል ጣቱን ጎተተ።

ጤነኛ ጣቱን እንደ እኔ አካል ጉዳተኛ አድርጎ ይዞታል። ገትሮት ሲጎትት ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ መታጠፍ ይፈልጋል፤ ጤነኛ ነዋ።

«ይህን ማን አሳየህ?» አሉት ሐጂ።

«አንድ ሰው ሠርግ ላይ በስልክ የቀረጻቸው አለ» አለ ወደ መሬት እያየ። «እሱን አይቼ ነው።»

«ከእናቴ ነው ብለህ ነበር።»

«ዜማውን ከእናቴ ነው። አመታቱን… አመታቱን ከሳቸው።»

«ማጭድ ላምጣልህ?» አልሁት። «ቁረጠውና ያንተ ይሆናል።»

«ወንድሜ» አሉኝ ሐጂ።

«ምን ወንድሜ? ገትሮ ከሚሠቃይ ይገላገል ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን የጊቹ ገበሬ፣ እኔ የመረጥሁት ሽማግሌ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አንድ ነገር ካልተናገርሁ እግዜር ይታዘበኛል» አለ። «ይህች ዜማ መነሻዋ ላይ የኛን አገር ሙሾ ትመስለኛለች። ቀያችንን ለቀን ስንወርድ ሴቶቹ እንዲህ እያሉ ነው ያለቀሱ።»

ልጁ ቀና አለ። «ታዲያ እርሳቸውም ወስደዋል ማለት ነዋ» አለ። «ከለቅሶ ወስደው የኔ ነው ካሉ፣ እኔ ከሠርግ ብወስድ ምን አጠፋሁ?»

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያስቸግራል። እኔን አላስቸገረኝም፤ ስንት ዘመን ከዜማ ጋር የኖርሁ ሰው ነኝ።

«ወስጃለሁ» አልሁ። «መነሻዋን ከጊች ሴቶች ሰማሁ፤ ማንም ሲጠይቀኝ እናገራለሁ። አሁን አንተን ልጠይቅህ» አልሁት የጊቹን ገበሬ። «ለቅሶ ቤት መጥቼ አንካሳዋን ብመታ ምን ታደርገኛለህ?»

«እደበድብሃለሁ» አለ።

«ሠርግ ላይ ሙሾ ባወጣስ?»

«ያን ጊዜም እደበድብሃለሁ።»

«ይኸው ነው» አልሁት ልጁን። «እኔ ለቅሶውን ወስጄ ሠርግ አደረግሁት። ያለቀሱት ሴቶች ራሳቸው ሲሰሙት ይጨፍራሉ እንጂ ለቅሶዬን አምጣ አይሉኝም። አንተ የእኔን ሠርግ ወስደህ ምን አደረግኸው? ሠርግ። ልጅ አባቱን ቢመስል ያምርበታል፤ እኔ ነኝ አባቴ ብሎ መሬቱን ሲሸጥ ግን ይታሰራል።»

የጊቹ ገበሬ «እሱስ እውነቱን ነው» አለ። ልጁ ፊቱ ቀላ። እስከዚያ ድረስ ትሑት ነበር፤ አሁን ግን አመለጠው።

«አባባ፣ እኔ ባልዘፍነው ከዚህ መንገድ አትወጣም ነበር። ዛሬ ዐረብ አገር ያለ ሰው ሁሉ ይሰማታል።»

«ያለ ስሜ ይሰማታል።»

«ስምዎን ብጽፈውስ ማን ያውቅዎታል?»

እንዲህ ያለ ነገር በዳባት ሽማግሌ ፊት አይባልም። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ልጁ ያለው ነገር ለራሱም አሁን የገባው መሰለ።

«ስላልጻፍኸው ነዋ የማያውቀኝ» አልሁት። ከዚህ በላይ አያስፈልግም ነበር።

«ልጄ፣ ቃልህን መልስ» አሉ ሐጂ። መለሰ። ይቅርታ አለ፤ ዐይኑን ግን ከጣቃዎቹ ላይ አላነሣም።

ከዚያ ሐጂ ፈረዱ። «ላሚቱ የዚህ ሰውዬ ናት። ምልክቷን ሳያያት ተናግሯል። ጥጃዋን አሳድገሃል፤ እሷን አንነጥቅህም። ግን ጥጃዋ የማን ላም ልጅ እንደሆነች ለሰው ትናገራለህ። ‹የሕዝብ› የሚለውን አጥፋና የዚህን ሰውዬ ስም ጻፍ።»

«እኔ የምፈልገው እንዲወርድ ነው» አልሁ። «ከስልኩ ሁሉ ይጥፋ።»

«ላሙ የጠፋችበት ሰው ላሙን ያገኛል እንጂ የጎረቤቱን በረት አያቃጥልም።»

ሐጂ እንዲህ ሲናገሩ መልስ የለውም፤ ጨርቅ ሲቆርጡም እንዲሁ ናቸው። ተስማማሁ። ተነሡና ተሳሳሙ ሲሉን ግን እምቢ አልሁ። ስሜን በዐይኔ ካየሁ በኋላ እንሳሳማለን አልሁ። ልጁ ከአዲስ አበባ ሆኖ እንደሚጽፈው ማለ። የማለው በእናቱ ነው፤ ስለዚህ አመንሁት።

ከሰነበተ በኋላ ስልክ ጠጋኙ ራሱ አስጠራኝ። «ስምዎ ወጥቷል፣ እንኳን ደስ አልዎት» አለኝ። መነጽሬን አደረግሁና አየሁ። «የሕዝብ» ጠፍቷል። በቦታው ስሜ ከነአባቴ ተጽፏል።

ስሜን እዚህ አልደግመውም፤ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ በትክክለኛ ፊደሉ ስላለ መልሳችሁ እዩት። የሚነሣው ከግእዙ «ሠረቀ» ነው። በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች፣ ፈነጠቀች ማለት ነው። አባቴ ያወጣልኝ ፀሐይ ስትወጣ ስለተወለድሁ ነው። ልጁ የጻፈው በእሳቱ ሰ ነው። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ አልተረጉምም። ያ ሁሉ ሽምግልና አልቆ፣ ከዘፈኑ ሥር «ዜማ» የሚለው ቃልና ሌባ የሚያሰኝ ስም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እዚያው ሆኜ አስደወልሁለት።

«አባባ፣ ጻፍሁልዎት እኮ፤ አዩት?» አለኝ ደስ ብሎት።

«አየሁት። ሰረቀ ብለህ ጻፍኸኝ።»

«እንዴት?»

«ስሜ በንጉሡ ሠ ነው። አንተ በእሳቱ ጻፍኸው።»

ሣቀ። «ታዲያ ምን ለውጥ አለው አባባ? ድምፁ እኮ አንድ ነው።»

«ድምፁ አንድ ነው። አመጣጡ ሁለት ነው። ሐጂ ሱቅ ውስጥ ስነግርህ የዋልሁት ይህንኑ ነው።»

«ኪቦርዱ ላይ የቀረበኝን ነው የነካሁ።»

«ዜማውንም እንዲሁ ነው ያደረግኸው። የቀረበህን ነካህ።»

የመኪና ጡሩምባ ይሰማኛል፤ መንገድ ላይ ነው መሰለኝ። «እሺ፣ አስተካክላለሁ» አለና ዘጋው።

ይህን እስከምጽፍበት ድረስ አላስተካከለም። ደባርቅ ገበያ ላይ ጎረምሶች ስልካቸውን እያሳዩ፣ «አባባ፣ ዜማውን ሰረቁት እንዴ? ተጽፎ አየነው» ይሉኛል። ፊደሉን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አውቀው ነው የሚሉኝ። ሚስቴ «ስምህ ይጻፍ አልህ፣ ተጻፈ፤ አሁን ደግሞ ፊደሉን መረጥህ» ትለኛለች። ሐጂም በየሳምንቱ ሰው ይልኩብኛል። ልጁ እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ሰንብቷል፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ኑና የተጀመረውን ዕርቅ እንጨርስ ይላሉ።

ዛሬም ሰው ልከው ነበር። ልጁ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀኝ እንደሆነ መልእክተኛው ነገረኝ። ሐጂን አከብራቸዋለሁ፤ ስለዚህ መልሴን በትሕትና ላክሁ፦ ስልኩ በእጁ ካለ እዚያው ተቀምጦ ፊደሉን ያርም፤ እኔም መሲንቆዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ካላረመ ሻዩን ብቻውን ይጠጣ።